የቀይ ባሕር ጨው ሽምብጥ ድረስ፦ የአንድ መርከበኛ የረጅም አገልግሎት ሜዳይ ጥገና (የሥራ ሂደት ማስታወሻ)

ጥቅምት፣ ቅዳሜ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ሽምብጥ (የባሕር ዳር ከተማ ሰፈር) ያሉት ጎረቤታችን፣ ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ ከ1957 እስከ 1983 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ፣ 26 ዓመት፣ ያውም አብዛኛውን ሞተር ክፍል። ለረጅም ጊዜ አገልግሎት የተሰጣቸውን ሜዳይ በፌስታል ጠቅልለው አመጡና "ሳጥን ሥራልኝ፣ መስታወት ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል" አሉኝ። የጠየቁት ይሄንን ብቻ ነው። ፌስታሉን ስፈታው ግን ሳጥኑ ሁለተኛ ሥራ እንደሚሆን ገባኝ።

ያየሁትን ልጻፍ። ማግኔት አይዘውም፣ ጠርዙ ላይ ልባሱ የለቀቀበት ቦታ ሲታይ የመዳብ ቅይጥ ነው። ፊቱ ላይ የነበረው ቅርጽ አልቋል ማለት ይቻላል፣ በጣት ስትዳስሰው ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ በዓይን አይለይም፣ ምክንያቱም ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብራሶ (የናስ መወልወያ ፈሳሽ) ሲወለውሉት ነው የኖሩት። ብራሶ ውስጥ የላመ ፈጋሚ ዱቄት አለ፣ አሞኒያም አለበት፣ በተወለወለ ቁጥር በጣም ትንሽም ቢሆን ከብረቱ ላይ ይዞ ነው የሚሄደው። በየስርጉዱ ደሞ የደረቀ የብራሶ ዝቃጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ሪባኑ ከፊት በኩል ቀለሙ ሁሉ ወደ አመድማ ሄዷል፣ ዋናው ቀለም የቀረው ፒኑ ሥር ብርሃን ያላየው ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ አንዱ ጎኑም ተተልትሏል።

ይሄ ሁሉ የሚያስፈራ አይደለም። ያሳሰበኝ ማንጠልጠያ ቀለበቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ነው። መዳብ ሲያረጅ የሚለብሰው ጠቆር ያለ አረንጓዴ አለ፣ እሱ ጠንካራ ነው፣ ከብረቱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል፣ አይነካም። ይሄኛው ግን ፈዘዝ ያለ፣ ዱቄት የሆነ፣ ስትነካው የሚረግፍ ነው፣ ፌስታሉ ውስጥም ረግፎ አግኝቼዋለሁ። ይሄ በሽታ ነው። ወዲያው ፎቶ አነሳሁት፣ ሪባኑን ከቀለበቱ ፈትቼ ለብቻ በንጹህ ወረቀት አስቀመጥኩት። ፌስታሉን ጣልኩ፣ ፌስታል እርጥበት አፍኖ ይይዛል፣ ሜዳይ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ዛሬውኑ አውጡት።

ማክሰኞ ማታ

ምርመራ። አረንጓዴውን ዱቄት በጥርስ እንጨት ቀስ ብዬ አንስቼ ሜዳዩን ክዳን ያለው ምሳ ዕቃ ውስጥ ከእርጥብ ጥጥ ጋር ዘጋሁበት፣ ጥጡ ሳይነካው። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ በሽታው ንቁ ከሆነ እርጥበት ሲያገኝ ተመልሶ ይወጣል። ወጣ። ጠዋት በአጉሊ መነጽር ሳየው እዛው ቦታ ላይ ጥቃቅን አረንጓዴ ነጠብጣቦች ተነስተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎራይድ፣ ማለትም ከጨው የሚመጣው፣ መዳቡ ውስጥ ገብቶ ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ ይቀመጣል። አየርና እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ያመነጫል፣ አሲዱ ሌላ መዳብ ይበላል፣ የተበላው ተመልሶ አሲድ ያመነጫል፣ እንዲህ እያለ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል። ከላይ ብትወለውለው አይቆምም፣ ምንጩ ሥር ነው ያለው። እርጥበት ካላገኘ ይተኛል፣ ክረምት ሲመጣ ይነሳል። ባሕር ዳር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድግዳው ራሱ ስለሚረጥብ እንዴት እንደኖረ አስቡት።

ጨውን ከየት አመጣው? ከምጽዋ ነዋ። ቀይ ባሕር ከአብዛኞቹ ባሕሮች የበለጠ ጨዋማ ነው፣ ሊትሩ ውስጥ ወደ 40 ግራም ጨው አለ፣ ውቅያኖስ በአማካይ 35 ነው። በዛ ላይ የምጽዋ ሙቀት፣ በዛ ላይ ሰልፍ ላይ ደረት ላይ ሲሰካ ላቡ፣ ላብም ጨው ነው። የነጩ ዩኒፎርም ላብ እዚህ ጣና ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ገና እየሠራ ነው ማለት ነው።

ለጋሼ እንዴት እንደማስረዳቸው እያሰብኩ ሄድኩ፣ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ አቋረጡኝ። "ይሄንንማ እኔ ላስተምርህ" አሉ። መርከብ ላይ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነው፣ ስለዚህ ቧንቧው፣ ፓምፑ፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ ሃያ አራት ሰዓት ከጨው ጋር ነው፣ ጨው ደሞ ናስ ውስጥ ያለውን ዚንክ መጥጦ ያወጣዋል፣ ናሱ ከቢጫነት ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ቅርጹ እንዳለ ነው ግን ጥንካሬ የለውም፣ በመፍቻ ጠበቅ ስታደርገው ይፈረካከሳል። "ናስ ሲቀላ ሞቷል" ነበር የሚሉት። ለዚህ ብለው ማቀዝቀዣው ውስጥ የዚንክ ቁራጭ ያስሩ ነበር፣ ጨው መጀመሪያ ዚንኩን እንዲበላ፣ ዚንኩ ሲያልቅ ይቀየራል። 26 ዓመት የሠሩት ይሄንን ነው፣ ጨው መርከቧን እንዳይበላ ሲከላከሉ መኖር። ሜዳዩንም ያገኙት በዚሁ ነው፣ አሁን እሱኑ ጨው እየበላው ነው ስላቸው ዝም ብለው ብዙ አዩት፣ ከዛ "እጠበው፣ ጨዉ እስኪወጣ እጠበው" አሉ። ፈቃድ አገኘሁ።

ኅዳር መጀመሪያ

እጥበት ላይ ነኝ። መጀመሪያ ነጩን የብራሶ ዝቃጭ በአልኮልና በጥርስ እንጨት አወጣሁ፣ የጥርስ እንጨት እንጂ መርፌ አይሆንም፣ መርፌ ይጭራል። ከዛ የተጣራ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። የቧንቧ ውሃ ራሱ ክሎሪን ስላለበት አይሆንም። የተጣራ ውሃ የምታገኙት መለዋወጫ ሱቅ ነው፣ የባትሪ ውሃ በሉ፣ ግን አሲድ ያለበትንም በዛው ስም ስለሚሸጡት ጠርሙሱን አንብቡ፣ እጅግ በጣም ወሳኝ ነው፣ አሲዱ ውስጥ ብትከቱት ሜዳይ የሚባል ነገር አይቀራችሁም።

ውሃው በየጊዜው ይቀየራል። ጨው መውጣቱን የማውቀው ኬሚስትሪ የሚያስተምር ወዳጄ በሰጠኝ ሲልቨር ናይትሬት ነው፣ ከታጠበበት ውሃ ትንሽ ቀድቼ አንድ ጠብታ ስጨምርበት ክሎራይድ ካለ ነጭ ደመና ይሠራል። መጀመሪያ ላይ ወተት የነካው ነበር የሚመስለው። አሁን እየሳሳ ነው። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ካገኘ ያጠቁራል።

ይሄ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይፈልግም፣ ስለዚህ ማታ ማታ ጋሼ ቤት እየሄድኩ የሳጥኑን ታሪክ እየሰበሰብኩ ነው። የኔ እምነት እንዲህ ነው፣ ሜዳይ ብቻውን ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ክብ ብረት ነው የሚሆነው። የእንግሊዞቹን አይቼ ነው ይሄን የምለው። እነሱ ለመርከበኛ የረጅም አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ሜዳይ መስጠት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1831 በንጉሥ ዊልያም አራተኛ ዘመን ነው፣ ከብር የተሠራ፣ ያኔ 21 ዓመት ማገልገል ይጠይቅ ነበር፣ በኋላ ወደ 15 ወርዷል። ሪባኑ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ጠርዝና ጠርዙ ነጭ ነው። ትልቁ ነገር ግን ጠርዙ ላይ የመርከበኛው ስም፣ ማዕረግና መርከብ ተቀርጾበታል። ስለዚህ መቶ ዓመት ቆይቶ ገበያ ላይ ቢገኝ እንኳ የማን እንደሆነ፣ የትኛው መርከብ ላይ እንደነበረ ይታወቃል። የጋሼን ጠርዝ ዙሪያውን በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ ባዶ ነው። ስለዚህ ስሙን የሚናገረው ሳጥኑ መሆን አለበት።

የሰበሰብኩትን በአጭሩ። ባሕር ኃይሉ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፣ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ፣ ለማደራጀትና ለማሠልጠን የኖርዌይ መኮንኖች መጥተው ነበር። ጋሼ ሲገቡ ምክትል አዛዡ ልዑል እስክንድር ደስታ ነበሩ፣ የንጉሡ የልጅ ልጅ፣ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለሥልጣናት መሀል ናቸው። ጋሼ ይሄን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ እኔም ብዙ አልጠየቅኩም።

ስለ መርከቧ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢያወሩ አይደክማቸውም። "ኢትዮጵያ" ነው ስሟ፣ ጎኗ ላይ ኤ 01 የሚል፣ ማሠልጠኛም የባንዲራ መርከብም (የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ማለት ነው)። አሜሪካኖች "ኦርካ" ብለው የሠሯት ናት፣ በባሕር ላይ አርፈው የሚነሱ አውሮፕላኖችን የምታገለግል፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1944 ሥራ ጀምራ በሁለተኛው ዓለም ጦርነት ፓስፊክ ላይ የዋለች፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ለኛ ተሰጠች። ርዝመቷ ወደ 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5፣ በናፍጣ ሞተር ሁለት ዘንግ የምታሽከረክር፣ ሙሉ ፍጥነቷ ወደ 18 ኖት፣ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዘመኗ ከኛ ባሕር ኃይል ትልቋ እሷ ናት። ጋሼ ከታች ሞተር ክፍል ስለነበሩ ከወደብ ሲወጡ የውጪውን አያዩም፣ ከድልድዩ፣ መርከቧ ከምትመራበት ከላይኛው ክፍል፣ የሚመጣውን የፍጥነት ትዕዛዝ ብቻ ነው የሚያዩት፣ ባሕሩ መናወጡን የሚያውቁት ፕሮፔለሩ ከውሃ ብቅ ሲል ሞተሩ በሚያሰማው ድምፅ ነው። ይሄን በጣም ወደድኩት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ባሕር በጆሮ።

ኅዳር፣ እሑድ

እትዬ (የጋሼ ባለቤት) ዛሬ አንድ ነገር ነገሩኝ፣ ሳይጻፍ መቅረት የለበትም። ጋሼ እስከ መጨረሻው መርከቧ ላይ ነበሩ፣ ግንቦት 1983 አሰብ ሲያበቃ ወደ የመን አብረዋት ሄዱ፣ ዞሮ ዞሮ አገር የገቡት ከዛ ነው፣ እሷ ግን አልተመለሰችም፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉም እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረሰ። ሜዳዩ ግን የመን አልሄደም። እትዬ የካቲት 1982 ምጽዋ ከመያዟ ትንሽ ቀደም ብለው ልጆቹን ይዘው ሲወጡ ከልጆቹ ልብስ መሀል ጠቅልለው ይዘውት ወጡ። "እሱ ይሞታል ብዬ አስቤ ነበር፣ ለልጆቹ የማሳየው ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው" አሉኝ፣ ቡና እየቀዱ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ጋሼም ይሄን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል፣ ሲኒውን ይዘው ቀሩ።

ከዛ በኋላ ያለውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጋሼ እዚህ መጥተው የጣና ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ። የዘጌና የደቅ ጀልባ የሚነዱ ሰዎች ጥቁር ጭስ በበዛባቸው ቁጥር ወደ እሳቸው ነበር የሚሮጡት፣ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ለባሕር ጠረፍ የተለካ ናፍጣ ሞተር ነዳጁ ይበዛበታል አየሩ ያንሰዋል፣ ሳይቃጠል የቀረው በጭስ ይወጣል፣ ስለዚህ ነዳጁን መቀነስ ነው። ኃይሉ ይቀንሳል ግን ሞተሩ ይኖራል።

"ኢትዮጵያ ጣና ላይ ብትሆን ትንሳፈፍ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳይስቁ አሰሉት። ከውሃ በታች አራት ሜትር ትፈልጋለች፣ ጣና ጥልቅ ቦታው ወደ 14 ሜትር ነው፣ ስለዚህ መሀሉ ላይ ትችላለች፣ ዳር ግን አትጠጋም። ደሞ ጨው የሌለው ውሃ ቀለል ያለ ስለሆነ ከቀይ ባሕሩ ጥቂት ሳንቲም ጠልቃ ነበር የምትቆመው። "ሞተሩም ይጨስ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

ኅዳር መጨረሻ

ሲልቨር ናይትሬቱ ጠብታ አሁን ጥርት ብሎ ይቀራል። ሜዳዩን በአልኮል አለቅልቄ ውሃውን አስወጣሁ፣ በለብታ አየር አደረቅኩት፣ ተመልሶ ምሳ ዕቃው ውስጥ ከእርጥብ ጥጥ ጋር ገባ፣ ምንም አልወጣም። ከዛ ሰም። እዚህ ጎጃም የንብ ሰም ሞልቷል ግን የንብ ሰም አሲድነት ስላለው መዳብ ላይ አልጠቀምም፣ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበትን ማይክሮክሪስታላይን ሰም ከአዲስ አበባ አስልኬ በስሱ ቀባሁት።

ሪባኑን አላጠብኩትም። እርጥብ ጥጥ ጠርዙ ላይ ሳስነካው ቀለሙ ወደ ጥጡ ስለመጣ እዛው አቆምኩ፣ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አራገፍኩ፣ ከጀርባው ስስ መረብ ጨርቅ አድርጌ የተተለተለውን ክር በክር ሰፋሁት። አዲስ ሪባን መግዛት ይቻላል የሚል አለ፣ እኔ አልፈልግም፣ እትዬ ይዘውት የወጡት ይሄኛውን ነው።

ታኅሣሥ

ሳጥኑ። እንጨቱ ዋንዛ፣ ከቅዳሜ ገበያ በኩል ካለ አናጢ ያገኘሁት፣ ለዓመታት የደረቀ ቁራጭ። ዋንዛ ቀለሙ ያምራል፣ አይጣመምም፣ ግን ማንኛውም እንጨት ቀስ በቀስ አሲድ ያለው ትነት ስለሚያወጣ ሜዳይ በቀጥታ አይቀመጥበትም። ቫርኒሹን ቀብቼ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ተውኩት፣ ውስጡን በኩሽና ፎይል ለበጥኩት፣ ከላዩ አቡጀዲ። አቡጀዲው ስታርች ስላለው ተቀቅሎ ተቀቅሎ ታጥቧል። ከፈይ ወይም የሱፍ ጨርቅ አታድርጉ፣ ሱፍ ውስጥ ያለው ሰልፈር ብረት ያጠቁራል። ሜዳዩ በማጣበቂያ አልተያዘም፣ በክር ነው። ከሥሩ ትንሽ መሳቢያ አለችው፣ እርጥበት የሚመጥጥ ሲሊካ ጄል የምትይዝ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን ከረጢት ሰብስቤ ኦቨን ውስጥ አድርቄ ሞላኋት።

ከበስተጀርባ የመርከቧን ጎን ከስስ ዋንዛ ቆረጥኩ፣ አንድ ለ600፣ ስለዚህ ወደ 16 ሳንቲም ትሆናለች። ፊት ለፊት መድፉ፣ መሀል ላይ አንዷ ጭስ ማውጫ። ጋሼ አይተው ጭስ ማውጫዋን በእርሳስ ትንሽ ወደኋላ ገፏት፣ ምሰሶውንም አሳጠሩት፣ እንደገና ቆረጥኩ። አሁን "እሷ ናት" ብለዋል።

ታኅሣሥ፣ ሐሙስ

ክርክር። ጋሼ ሜዳዩን አይተው "ደብዝዟል" አሉ። ሰሙ ነው፣ ታጥቦ ነው፣ ይሄ ትክክለኛ መልኩ ነው አልኳቸው። "መርከብ ላይ ናስ ደብዝዞ ከታየ አዛዡ የሚያየው ናሱን አይደለም፣ ሰውየውን ነው" አሉኝ። ብራሶአቸው መደርደሪያ ላይ ዝግጁ ነው፣ ጨርቁም።

እኔ በጥገና ሥራ ውስጥ አትወልውል የሚለውን ሕግ በልቤ አምንበታለሁ። ግን ይሄ የሞተ ሰው ዕቃ አይደለም፣ ባለቤቱ ፊቴ ቁጭ ብሏል፣ ውልወላውም የ26 ዓመቱ አገልግሎት አካል ነው፣ ያ ሁሉ የተላጠ ፊት የቸልተኝነት ሳይሆን የትጋት ምልክት ነው። እምቢ ብዬ ቆልፌ መስጠት ይከብደኛል፣ ዝም ብዬ መስጠትም ይከብደኛል። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋቸው፣ የቀረውን ቅርጽ ራሳቸው እንዲያዩት፣ ምን ያህል እንደቀረ። ብዙ ካዩ በኋላ "አልቋል" አሉ ቀስ ብለው። "እና ቅዳሜ ምን ልወልውል?"

መልሱ የመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ከቆራሌ የገዛሁት ወፍራም የናስ ቁራጭ ነበረኝ። ቆረጥኩት፣ አለዘብኩት፣ ማኅተም የሚሠራ ልጅ ዘንድ ወስጄ በጥልቀት አስቀረጽኩት፣ ለብዙ ዓመት ውልወላ እንዲበቃ። ቫርኒሽ የለውም፣ በመወልወል ብቻ ነው የሚያበራው። ሳጥኑ ሥር በሁለት ብሎን ይታሰራል፣ ብሎኖቹ በእጅ ነው የሚፈቱት፣ ስለዚህ ሲወለወል ተፈቶ ሌላ ክፍል ይወሰዳል፣ አሞኒያው ወደ ሜዳዩ አይደርስም።

ጽሑፉ ላይ ግን ተከራክረናል። እኔ ማዕረጋቸውን ላስቀድም ነበር፣ እሳቸው አልተስማሙም። መጀመሪያ መርከቧ፣ ቀጥሎ ሞተር ክፍል፣ ቀጥሎ ስማቸው፣ ከዛ 1957 – 1983። ማዕረግ የለም። "ማዕረግ ደመወዝ ላይ ነው" አሉ። እንዳሉት ሆነ።

ጥር፣ ቅዳሜ

አስረከብኩ። የተሰቀለው ሳሎን ውስጥ ከሐይቁ በተቃራኒ ባለው ደረቅ ግድግዳ ላይ ነው፣ ፀሐይ በቀጥታ አታገኘውም። ከጀርባው በእርሳስ የጻፍኩት ወረቀት አለ፣ በምን እንደታጠበ፣ ምን ሰም እንደተቀባ፣ ሪባኑ እንዴት እንደተሰፋ፣ እና ማን ከምጽዋ እንዳወጣው። የመጨረሻውን እትዬ ጮክ ብለህ አንብብልኝ አሉ፣ አነበብኩ፣ ጋሼ አንዴ ድገመው አሉ።

ልጃቸው ሲሊካውን ማድረቅ ተምራለች፣ ቀለበቱ ሥር ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ካየች ሳትነካው እንድትደውልልኝ ተነጋግረናል። እኔ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሳይጠነክር ሄጄ አየዋለሁ። ብራሶው ጓዳ ገብቷል፣ ናሱ ዛሬ የመጀመሪያ ውልወላውን አግኝቷል።